ዳርክሳይድ ሰለቸኝ! ክሮስኦቨር የምታነቡ ሰዎች እንዴት ነው የምትዘልቁት?

ሳሮን_ታነባለች፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ዛሬ ብሶት ይዤ ነው የመጣሁት ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። የዲሲን (የሱፐርማንና የባትማን አሳታሚ) ትልልቅ ክሮስኦቨሮች፣ የተለያዩ መጽሐፎች ጀግኖች አንድ ላይ ሚገናኙባቸውን ታሪኮች፣ በወጡበት ቅደም ተከተል ላንብብ ብዬ ከ1985ቱ ክራይሲስ ኦን ኢንፊኒት ኧርዝስ ተነስቼ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ወደ አሁኑ ዘመን እየመጣሁ ነው። መጀመሪያ ላይ እንዴት እንደወደድኩት አትጠይቁኝ! ጆርጅ ፔሬዝ አንድ ገጽ ላይ ያን ሁሉ ሰው አጭቆ ይስልና የአንዱ ፊት ከሌላው አይመሳሰልም፣ ሱፐርገርል ቁጥር 7 ላይ ሞታ ገና ሳይወጣልኝ ቁጥር 8 ላይ ፍላሹ ባሪ አለን የዋናውን ቪለን (የክፉውን ማለቴ ነው) የአንቲ ሞኒተርን መድፍ ለማፍረስ እየሮጠ እየሮጠ ሰውነቱ አልቆ ልብሱ ብቻ ሲቀር በቃ እንባዬ መጣ። አንቲ ሞኒተሩም ያኔ ያስፈራ ነበር፣ ማን እንደሆነ በቅጡ ሳታውቁት ነጭ ግድግዳ የመሰለ ነገር እየገፋ ዓለም በዓለም ላይ እየሰረዘ ይመጣል፣ ጸሐፊው ዎልፍማን ፊቱን እንኳን ቶሎ አያሳያችሁም።

ከዛስ? ከዛ ዳርክሳይድ፣ አፖኮሊፕስ የሚባለው ዓለም ጨካኝ ገዢ። ሌጀንድስ 1986፣ ሕዝቡ ጀግኖቹን እንዲጠላ ከጀርባ ሆኖ ሚሠራው ዳርክሳይድ። ፋይናል ክራይሲስ 2008፣ ዳርክሳይድ። 2011 ላይ ዲሲ ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ ብሎ ኒው 52ን ሲያወጣ፣ አስቡት እስቲ፣ መጽሐፉ ሁሉ ቁጥር 1 ሆኖ ማንንም ማምጣት እየቻሉ፣ የጀስቲስ ሊግ፣ የነሱፐርማንና ባትማን ቡድን፣ የመጀመሪያ ጠላት ማን ሆነ? ዳርክሳይድ። 2015 ዳርክሳይድ ዋር፣ እሱም አንቲ ሞኒተሩን ጨምሮበት። 2024 ኦል ኢን ስፔሻል ላይ ዳርክሳይድ፣ 2025 ዲሲ ኬኦ ላይ ጀግኖቹ እርስ በርስ ሚፋለሙት ለምንድን ነው፣ ዳርክሳይድን ሚገጥም አንድ ሰው ለመለየት!

እና ሚያናድደኝ መመለሱ ብቻ አይደለም፣ አመጣጡም አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ቡም ቲዩብ (ከዓለም ዓለም ሚያሻግረው በር) ይከፈታል፣ ወታደሮቹ ፓራዴመኖች ይጎርፋሉ፣ እሱ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ይቆማል፣ ከዓይኑ ሚወጣው ኦሜጋ ቢም እየታጠፈ እየታጠፈ ያሳደደውን ሰው ያገኛል፣ ሱፐርማን ይወድቃል፣ ከዛ የሆነ ሰው የሆነ ዘዴ ያመጣና ዳርክሳይድ ይሸነፋል፣ ሁሉም ይተቃቀፋል። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ያው ቡም ቲዩብ። አሁን አሁን ገጹን ስገልጥ ሥዕሉን አያለሁ እንጂ ልቤ አይመታም፣ ጀግኖቹ ሲፈሩት እኔ አልፈራም፣ እነሱ «እንዲህ ዓይነት አደጋ አይተን አናውቅም» ሲሉ እኔ ግን አይቻለሁ እኮ፣ እናንተም አይታችኋል!

በናታችሁ ንገሩኝ፣ ችግሩ አከታትዬ ማንበቤ ነው ወይስ እናንተም ጋ እንዲህ ነው? ማርቭል ጋ፣ ተፎካካሪው አሳታሚ ጋ፣ ብሄድ ይሻላል ወይስ እዛም ታኖስ ታኖስ ታኖስ ነው? ተስፋ ቆርጬ መተው አልፈልግም ኮሚክ በጣም ነው ምወደው። ቪለኑ ተመልሶ መጥቶ መመለሱ ግን ትርጉም ያለውን ክሮስኦቨር ካወቃችሁ ጠቁሙኝ።

ኪሩ_ላትቬሪያ፦

ሳሮንዬ ችግሩ አንቺ ጋ አይደለም፣ ዳርክሳይድ ጋ ነው። ወደ ማርቭሉ ዶክተር ዱም ነይ። ሰውየው ከ1962 ጀምሮ አለ፣ ፋንታስቲክ ፎር ቁጥር 5፣ ስልሳ ዓመት አልፎታል፣ እኔ አንድም ቀን ሰልችቶኝ አያውቅም። ለምን መሰለሽ፣ ዱም ያሸንፋል! 1984ቱ ሲክሬት ዋርስ ላይ ቢዮንደር የሚባለው ሁሉን ቻይ ፍጡር ጀግኖቹንም ቪለኖቹንም ሰብስቦ ተዋጉ ሲላቸው ሌሎቹ እርስ በርስ ይደባደባሉ፣ ዱም ግን ዓይኑን ወደ ቢዮንደሩ አንስቶ ጉልበቱን ይነጥቀዋል፣ ማንም ያላሰበውን እሱ ያስባል።

የ2015ቱን ሲክሬት ዋርስ ደግሞ የግድ አንብቢ፣ ሂክማን ነው የጻፈው ኢሳድ ሪቢች ነው የሳለው 9 እሹ (ቁጥር) ነው። እዚህ ላይ ታሪኩ ሲጀምር ዱም አሸንፏል፣ ዩኒቨርሶቹ ሁሉ ጠፍተው የተረፈውን ቁርጥራጭ እሱ ሰብስቦ ባትልወርልድ የሚባል ዓለም ሠርቶ አምላክ ሆኗል፣ የፋንታስቲክ ፎር መሪና የድሮ ጠላቱ የሪድ ሪቻርድስን ሚስት ሱዛንን አግብቶ የሪድንም ልጆች እንደ ራሱ ልጆች እያሳደገ ነው። እና መጨረሻው ቡጢ አይደለም (ስፖይለር ነው ካልፈለግሽ ይሄን ዓረፍተ ነገር ዝለዪው) ዱም ሪድን ፊት ለፊት ቆሞ አንተ ይሄን ጉልበት ብትይዝ ከኔ የተሻለ እሠራ ነበር ብለህ ታስባለህ አይደል ሲለው፣ ሪድ አንተስ እንደዛ አታስብም ወይ ይለዋል፣ ዱም ራሱ ሪድ ይሻል እንደነበር ያምናል፣ ዱም እኮ ነው፣ በሕይወቱ ሙሉ ሪድ ይበልጠኛል ብሎ ማያውቅ ሰው! ሪድ ደግሞ ሲያሸንፍ አይበቀለውም የተጎዳ ፊቱን ይፈውስለታል። ከዛ በኋላ 2016 ላይ ዱም የአይረን ማንን ልብስ ለብሶ ጥሩ ሰው ለመሆን ይሞክራል። 2024 ላይ ብለድ ሀንት መጨረሻ ሶርሰረር ሱፕሪም (የምድር ዋና አስማተኛ) ሆነ፣ 2025 ዓለምን በሙሉ ገዛ። እያንዳንዱ ሲመጣ ያለፈውን ተሸክሞ ነው ሚመጣው። ዳርክሳይድ ግን ምን ተሸክሞ ያውቃል?

አቤል_ሎንግቦክስ፦

ኪሩ እውነቱን ነው ግን ዳርክሳይድ ላይ ፈረድክበት ወንድሜ፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ሳሮን ይሄን ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ዳርክሳይድን የፈጠረው ጃክ ከርቢ ነው፣ መጀመሪያ የታየው 1970 ላይ የሱፐርማን ጓደኛ የጂሚ ኦልሰን መጽሐፍ ቁጥር 134 ላይ ነው፣ ከዛ 1971 ላይ ከርቢ ኒው ጎድስ፣ ፎርኤቨር ፒፕል፣ ሚስተር ሚራክል የሚሉትን ጀመረ፣ ሁሉም አንድ ትልቅ ታሪክ ናቸው። አሁን ዋናውን ነገር ተመልከቺ፣ ከርቢ ያንን ታሪክ ሲጀምር መጨረሻ እንዲኖረው አስቦ ነው የጀመረው። ኒው ጎድስ ቁጥር 7 ላይ ይሄ በደንብ ይታያል፣ ሁለቱ ዓለሞች ኒው ጄኔሲስና አፖኮሊፕስ ጦርነቱን ለማቆም ልጅ ይለዋወጣሉ፣ የኒው ጄኔሲሱ መሪ ሃይፋዘር የራሱን ልጅ ስኮት ፍሪን (ኋላ ሚስተር ሚራክል ሚሆነውን) ለዳርክሳይድ ይሰጣል፣ ዳርክሳይድ ደግሞ ኦሪዮንን ለሃይፋዘር ይሰጣል፣ ክፉው አባት የወለደው በፍቅር ያድጋል፣ የደጉ ልጅ ደግሞ በግርፋት። እና ትንቢቱ ኦሪዮንና አባቱ አንድ ቀን ይገናኛሉ ነው። ዳርክሳይድ የተሠራው ለዛች ቀን ነው! ከርቢ ጋ ደግሞ ቡጢ አያበዛም፣ ይቆማል፣ ይናገራል፣ አንታይ ላይፍ ኢኩዌዥን የሚባለውን የሰውን ፈቃድ ሚሰርቀውን ነገር የሰው አእምሮ ውስጥ ይፈልጋል፣ ሚያስፈራው ያ ነበር።

ግን 1972 ላይ ኒው ጎድስም ፎርኤቨር ፒፕልም ቁጥር 11 ላይ ተቋረጡ። ከርቢ መጨረሻውን በጊዜው አልጻፈም። መጨረሻ የተነፈገ ቪለን ደግሞ ለኩባንያው ምቹ ነው፣ በፈለገው ጊዜ ያወጣዋል፣ ማንም ግን ሊጨርሰው አይፈቀድለትም ምክንያቱም የሚቀጥለው ዓመት ራይተር ይፈልገዋል። ስለዚህ ያው አንዱ ጀበና ላይ ከበረካ በኋላም ውሃ እየጨመሩ ሲያፈሉት ነው የኖሩት።

ሁለተኛው ምክንያት ንግዱ ነው። የ1984ቱ ሲክሬት ዋርስ ራሱ ማቴል ከተባለው የአሻንጉሊት ፋብሪካ ጋር ተያይዞ ነው የወጣው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ኢቨንት (እንዲህ ያለው ትልቅ ክሮስኦቨር) ማለት ሕዝቡ የሚያውቃቸውን ፊቶች አንድ ቦታ መሰብሰብ ነው። አሜሪካ ያሉ የኮሚክ ሱቆች ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ የኖሩት መጽሐፉን ከመውጣቱ ወራት በፊት አዝዘው ያልተሸጠውን መመለስ ሳይችሉ ነው። አንቺ ባለሱቅ ብትሆኚ ሽፋኑ ላይ ማንም ማያውቀው አዲስ ቪለን ያለበትን ኢቨንት ስንት ኮፒ ታዣለሽ? ዳርክሳይድ ያለበትንስ? በቃ ኤዲተሩም ይሄን ያውቃል።

ሦስተኛው ይሄ ብዙ ሰው ማያነሳው ነው እኔ ግን በጣም ያመኛል። ራይተሮቹና አርቲስቶቹ የሚፈጥሩት ነገር የኩባንያው ነው። ከርቢ የራሱን ኦሪጅናል ሥዕሎች ከማርቭል ለማስመለስ ስንት ዓመት ተከራክሮ ነው 1987 ላይ ከፊሉን ብቻ ያገኘው፣ ያን ሁሉ ዓለም የፈጠረ ሰው! ይሄን ያየ ትውልድ ምን ተማረ? 1992 ላይ ሰባት አርቲስቶች ወጥተው ኢሜጅ የተባለውን አሳታሚ አቋቋሙ፣ የፈጠሩት የራሳቸው ሆነ። ከዛ ወዲህ አንድ ራይተር ጥሩ ቪለን ሲመጣለት ለዲሲ ወይ ለማርቭል ይሰጠዋል ወይስ ለራሱ መጽሐፍ ያስቀምጠዋል? እኔ ብሆን ለራሴ ነው ማስቀምጠው። ስለዚህ ትልልቆቹ ጋ ሚቀረው ከድሮ የተወረሰው ነው።

ሳሮን_ታነባለች፦

አቤል ይሄን የከርቢውን ነገር ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጅ የተለዋወጡበትን ክፍል ዛሬውኑ ነው ምፈልገው። ግን አንድ ነገር ልከራከርህ፣ አዲስ ቪለን ባለመኖሩ ነው ካልክ ዘ ባትማን ሁ ላፍስስ? 2017 ላይ መጣ፣ ዳርክ ናይትስ ሜታል፣ ስናይደር ጽፎት ካፑሎ የሳለው፣ አዲስ ነበር እና መጀመሪያ ላይ በጣም ነው የወደድኩት፣ ብሩስ ዌይን፣ ማለትም የሌላ ዓለም ባትማን፣ በጆከር መርዝ ተለክፎ ያ የብረት ነገር ዓይኑን ሸፍኖት ጥርሱ ብቻ ሲታይ፣ ባትማን የሚያውቀውን ሁሉ ያውቃል ግን ምንም ማይገድበው ሰው ነው፣ ሐሳቡ ራሱ ያንቀጠቅጣል። ከዛ የራሱ መጽሐፍ ወጣለት፣ ከዛ እዚህም እዚያም ገባ፣ ከዛ 2020 ዴዝ ሜታል ላይ ጉልበቱ አድጎ አድጎ እንደ አምላክ ሆነ። ሦስት ዓመት ነው እኮ! ዳርክሳይድ በአርባ ዓመት ገደማ የሰለቸኝን ያህል ይሄ በሦስት ዓመት ሰለቸኝ። ስለዚህ ዕድሜው አይደለም ለማለት ነው፣ ሌላ ነገር አለ።

ጽጌ_ጎተም፦

ሳሮን የኔ እህት ትክክል ብለሻል ዕድሜ አይደለም፣ እኔ ስለ ጆከር ልንገርሽ ምክንያቱም እኔን ያንገሸገሸኝ እሱ ነው። አውቃለሁ ብዙዎቻችሁ ትወዱታላችሁ፣ እኔም እወደው ነበር።

ጆከር እኮ ገና ከመጀመሪያው ሊሞት ነበር! 1940 ባትማን ቁጥር 1 ላይ ሁለት ታሪክ አለው፣ ሁለተኛው ላይ በራሱ ቢላ ተወግቶ ሊያልቅለት ተዘጋጅቶ ነበር፣ ኤዲተሩ ዊትኒ ኤልስዎርዝ ይሄ ሰውማ ይጠቅመናል ብሎ በሕይወት እንዳለ ሚያሳይ ፓናል አስጨመረ። ያ ውሳኔ ትክክል ነበር እኔ አልቃወምም። ግን ያኔ ጆከር ሌባና ነፍሰ ገዳይ ነበር፣ አሁን ምንድን ነው? በየኢቨንቱ መብለጥ ስላለበት የሚገድለው ሰው ቁጥር እየጨመረ እየጨመረ ሄዶ 2012 ዴዝ ኦፍ ዘ ፋሚሊ ላይ የተገፈፈ ፊቱን በቀበቶ አስሮ ይመጣል፣ ቀጥሎ ኤንድጌም፣ 2020 ጆከር ዋር፣ ከተማውን በሙሉ ያወድማል። እና ከዛ? አርካም፣ የእብዶች እስር ቤቱ፣ ይገባል። ያመልጣል። አንባቢ ሆነሽ ጥያቄው አይቀርልሽም፣ ባትማን ይሄን ሁሉ ሕዝብ እያስጨረሰ ያለው የራሱን ሕግ ላለመጣስ ነው? ቪለኑ በበዛና በተደጋገመ ቁጥር ጀግናው እየቀለለ ይሄዳል፣ እኔን ያሳዘነኝ ይሄ ነው። ጆከርን አይደለም የሰለቸሁት ባትማንን ነው ያጣሁት።

1988 ላይ የባትማን ረዳት ሁለተኛው ሮቢን ጄሰን ቶድ ይሙት ወይስ ይኑር ብለው አንባቢው በስልክ እንዲወስን አድርገው ነበር፣ በየጥሪው 50 ሳንቲም እየተከፈለ፣ 5,343 ሰው ይሙት አለ 5,271 ይኑር አለ፣ ልዩነቱ 72 ድምፅ ብቻ። ልጁ በጆከር እጅ በብረት ዘንግ ተቀጥቅጦ በፈንጂ ሞተ። ይሄ ሞት ግን ለብዙ ዓመት ክብደት ነበረው፣ የጄሰን ልብስ ባትኬቭ (የባትማን ዋሻ) ውስጥ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ባትማን ሲያልፍ ሲያገድም ያየዋል። ከዛ 2005 ላይ ጄሰን ሬድ ሁድ ሆኖ ተመለሰ፣ ሰው መመለሱን ብዙ ይሳደባል እኔ ግን የምወደው ክፍል ነው፣ ምክንያቱም ባትማን ቁጥር 650 ላይ ጄሰን ጆከርን አግቶ ብሩስን ፊት ለፊት የሚጠይቀው ለምን አላዳንከኝም አይደለም፣ እሱን ይቅር ብየሃለሁ ነው ሚለው፣ ጥያቄው ይሄ ሰው እስካሁን ለምን በሕይወት አለ ነው። አያችሁት? እኛ ሁላችን የምንጠይቀውን እዛው ታሪኩ ውስጥ አንድ ልጅ እያለቀሰ ጠየቀው። መደጋገሙን ራሱን ቁስል አደረገው። እንዲህ ሲጻፍ ጆከር መቶ ጊዜ ቢመለስ አነባለሁ።

ኪሩ_ላትቬሪያ፦

ጽጌ ያን ገጽ አስታወስሽኝ አቦ 😢 የብሩስ መልስም እኮ፣ አንድ ጊዜ እዛ ቦታ ከገባሁ መመለሻ የለኝም ነው ነገሩ።

የጥንቱ_አንባቢ፦

ልጆቼ ጥሩ ነው እየተጫወታችሁ ያላችሁት፣ እኔም ጣልቃ ልግባ። ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ እዚህ ከላይብረሪ የተጠረዘውን በነፃ ስለማገኝ ኢቨንት በወጣ ቁጥር ከመከተል ድኛለሁ፣ ሳሮን አንቺም ብትችዪ ይሄ በኢቨንት ቅደም ተከተል ማንበቡን አቁሚው። እነዚያ መጽሐፎች ሲወጡ በመካከላቸው ዓመታት ነበሩ፣ ዳርክሳይድ ሲጠፋ በእውነት ይጠፋ ነበር፣ አንቺ ግን ዋና ዋናውን ብቻ ለቅመሽ ስታከታትዪው እሱ ብቻ ነው ሚታይሽ። የሚያዋጣው ራይተርን መከተል ነው፣ አንድ ሰው ቪለኑን ከየት አንስቶ የት እንዳደረሰው ይታያል።

ምሳሌ ልስጥሽ፣ ስለ ታኖስ ጠይቀሻልና። ጂም ስታርሊን 1991 ኢንፊኒቲ ጋውንትሌት ላይ ታኖስ ጣቱን አጩሎ የፍጥረትን ግማሽ አጠፋ፣ ይሄን ሁሉም ሰው ያውቃል። መጨረሻው ላይ ግን ታኖስ ምን ሆነ? ገበሬ ሆነ። ጥሩሩን እርሻው መሃል እንደ ማስፈራሪያ ሰቅሎ ብቻውን ተቀመጠ። በሚቀጥለው ዓመት ኢንፊኒቲ ዎር ሲመጣ አንባቢው እንደገና ታኖስ ነው ብሎ ሲጠብቅ ጠላቱ ሜገስ ነው፣ የአዳም ዋርሎክ ክፉ ጎን፣ ታኖስ ደግሞ ከጀግኖቹ ጋር ቆሟል! 1993 ኢንፊኒቲ ክሩሴድ ላይ ጠላቷ የዋርሎክ ደግ ጎን ናት፣ ታኖስ አሁንም ከዚህኛው ወገን ነው። ሦስተኛው እንደ አንደኛው አይጥምም፣ ያንን አልደብቅሽም፣ ግን ሰውየው ቪለኑን አንድ ቦታ ላይ አላሰረውም።

ዳርክሳይድንም ቢሆን ሁለት ነገር ሳታነቢ አትፍረጂበት። አንደኛው የ1982ቱ ዘ ግሬት ዳርክነስ ሳጋ ነው፣ ሌጅን ኦፍ ሱፐርሂሮስ ከቁጥር 290 እስከ 294፣ ፖል ሌቪትዝና ኪት ጊፈን። ታሪኩ ከኛ ዘመን አንድ ሺህ ዓመት በኋላ ነው፣ አንድ ጌታ በጨለማ ውስጥ ሆኖ አገልጋዮቹን እየላከ ምትሃት ያለበትን ዕቃ ሁሉ ይሰበስባል፣ ማን እንደሆነ ግን ቶሎ አይነግሩሽም። ምልክቱን እየለቀምሽ እያነበብሽ እሱ መሆኑ ሲገባሽ ሰውነትሽን ይወርሻል። አሁን ዳርክሳይድ ገና ከመምጣቱ ከወራት በፊት በማስታወቂያ ስለምናየው ነው ያንን ያጣነው።

ሁለተኛው ሚስተር ሚራክል ነው፣ 2017 የጀመረው፣ ቶም ኪንግና ሚች ጄራድስ፣ 12 ቁጥር። እሱ ክሮስኦቨር አይደለም ግን ለጥያቄሽ መልስ አለው። ገጹ ከሞላ ጎደል ሁሉ ዘጠኝ እኩል ፓናል ነው፣ ስኮት ፍሪና ሚስቱ ባርዳ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ትንሽ አፓርታማ አላቸው፣ ሕፃን ወልደዋል፣ እና በመሃል በመሃል አንድ ፓናል ጥቁር ይሆንና «ዳርክሳይድ አለ» ብቻ ይላል። አይዋጋም፣ አይታይም፣ አለ ብቻ። ቁጥር 11 ላይ በመጨረሻ ስትገናኙት ለድርድር ተቀምጠው ጠረጴዛው ላይ አትክልት ቀርቧል፣ ዳርክሳይድ ካሮት አንስቶ ማጣቀሻው ውስጥ ነክሮ ይበላል። ካሮት ሲበላ! ከዚያች ካሮት የበለጠ እኔን ያስደነገጠኝ ኦሜጋ ቢም የለም፣ ምክንያቱም ሕፃኑን ልጃቸውን ሊወስድባቸው ነው የመጣው፣ ያ ከርቢ የጻፈው የልጅ ልውውጥ እንደገና ሊደገም ነው፣ አባትየው ደግሞ ራሱ ተለውጦ የተሰጠው ልጅ ነው። አቤል ያልከው የተነፈገ መጨረሻ እዚህ ላይ የሆነ ዓይነት መልስ ያገኘ ይመስለኛል።

አቤል_ሎንግቦክስ፦

ጋሼ እርስዎ እንዲህ ሲሉ እኔም እንደገና ላነበው ነው። እውነት ነው፣ አለቀ የተባለውን የከርቢን ታሪክ ቶም ኪንግ ያነሳው ከአባትና ልጅ በኩል ስለሆነ ነው የሠራው፣ ሌሎቹ ያነሱት ከጉልበቱ በኩል ነው።

ፋይናል ክራይሲስን ግን ሳሮን እንዲህ ከሌሎቹ ጋር አትደምሪብኝ። ጸሐፊው ሞሪሰን ዳርክሳይድን ያመጣው ሊሞት ሲል ነው፣ እየወደቀ ነው፣ ሲወድቅ ግን ጊዜንም ዓለምንም ይዞ ነው ሚወርደው፣ አንታይ ላይፍ ኢኩዌዥኑን አግኝቶታል እና በኢሜይል በስልክ ነው የሚለቀው፣ ሰው መልእክቱን እንደከፈተ አለቀለት። 2008 ላይ ነው እኮ ይሄን የጻፈው! ቁጥር 6 ላይ ባትማን ጠመንጃ ሚባል ነገር አልነካም ያለ ሰውዬ አንዴ ብቻ ሕጉን ጥሶ ይተኩስበታል፣ በዛች ቅጽበት ኦሜጋው እሱንም ያገኘዋል፣ ሱፐርማን ሬሳውን አቅፎ ይወጣል። እዚህ ላይ የቪለኑ መመለስ ዋጋ ተከፍሎበታል፣ ቢያንስ ለትንሽ ጊዜ። ምናልባት ሲበዛብሽ ደክመሽ ስላነበብሽው ይሆናል፣ ትንሽ አርፈሽ ብቻውን አንብቢው።

ሳሮን_ታነባለች፦

ጋሼ የካሮቷን ነገር እንዲህ ሲነግሩኝ መጽሐፉን ገና ሳልይዘው ነው የፈራሁት፣ በጣም አመሰግናለሁ። እኔ አዲስ አበባ ስለሆንኩ የወረቀቱን ማግኘት ከባድ ነው ታብሌት ላይ ነው ማነበው፣ ግን ሚስተር ሚራክልን ወንድሜ ሲመጣ በወረቀት እንዲያመጣልኝ እነግረዋለሁ፣ ዘጠኝ ፓናሉን ሙሉ ገጽ ላይ ማየት እፈልጋለሁ።

አቤል ፋይናል ክራይሲስን በድጋሚ ለማንበብ ቃል ገብቻለሁ፣ የኢሜይሉን ነገር አሁን ስታነሳው ነው የከበደኝ፣ ያኔ ሳነበው ዓይኔ ዳርክሳይድን ብቻ ስለሚያይ አልፌዋለሁ። ጽጌ ያንቺን ደግሞ ሁለቴ አነበብኩት፣ ቪለኑ ሲደጋገም ጀግናው ነው ሚቀለው ያልሽው እኔ ስሙን አጥቼለት የነበረ ስሜት ነው፣ ሱፐርማን ላይ እንደዛ ነው የተሰማኝ።

አሁን ግን አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከነዚህ ሁሉ ወጣ ብዬ የማላውቀውን ቪለን ማየት ብፈልግስ? ክሮስኦቨር ይሁን ትልቅ ይሁን ግን ምድር ላይ እነዛው ሰዎች ባይሆኑ።

አቤል_ሎንግቦክስ፦

አናይሌሽን! 2006፣ ማርቭል፣ ኪት ጊፈን ነው የመራው። እዛው ሰሞን ምድር ላይ ሲቪል ዎር የሚባለው ኢቨንት ስለነበር ሰዉ ሁሉ ዓይኑ እዛ ላይ ነበር፣ ይሄ ደግሞ ሕዋ ላይ በራሱ ሄደ፣ ስፓይደርማን የለም አቬንጀርስ የሉም። ጠላቱ አናይለስ ነው፣ አዲስ አይደለም ልብ በይ፣ 1968 ላይ የተፈጠረ የፋንታስቲክ ፎር ቪለን ነው፣ ግን አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ሚል ስለነበር ከኔጌቲቭ ዞን (ሌላ ዓለም ነው) ያን የሚያህል ጦር ይዞ ሲወጣና ዛንዳር የምትባለውን ፕላኔት ከነኖቫ ኮርፕሱ፣ ከነሕዋ ጠባቂ ጦሯ፣ ሲያጠፋው እንደ አዲስ ነው ምታዪው። ታኖስም አለበት ግን ዋናው እሱ አይደለም፣ ምን እንደሚሆን አልነግርሽም።

ሳሮን_ታነባለች፦

እሺ ተወሰነ! ዋናውን ስድስቱን ብቻ ላንብብ ወይስ የጎን መጽሐፎቹም ያስፈልጋሉ? ታይ ኢን መከታተል እኮ ነው ግማሹን ድካም ያመጣብኝ።

አቤል_ሎንግቦክስ፦

እዚህ ላይ ግን ያስፈልጋሉ፣ ታይ ኢን በሚባሉበት መንገድ አይደሉም። መጀመሪያ ፕሮሎጉ አለ አንድ መጽሐፍ ነው እሱን እንዳትዘዪው፣ ዛንዳር ምትጠፋው እዛ ላይ ነው። ከዛ አራት ሚኒ ሲሪስ፣ እያንዳንዳቸው አራት አራት እሹ፣ ኖቫ፣ ሲልቨር ሰርፈር፣ ሱፐር ስክረል፣ ሮናን። ከዛ ዋናው ስድስቱ። አራቱን በየትኛውም ቅደም ተከተል ብታነቢ ችግር የለውም ጊዜ ካጠረሽ ኖቫንና ሱፐር ስክረልን ብቻ አንብቢ። ኖቫ ላይ ሪቻርድ ራይደር ከኮርፕሱ ብቻውን ቀርቶ የዛንዳርን ሕዝብ ዕውቀት በሙሉ ራሱ ውስጥ ተሸክሞ ነው ሚሄደው፣ ጭንቅላቱ እንዳይፈርስ እየታገለ። ሱፐር ስክረል ደግሞ ከ1963 ጀምሮ የፋንታስቲክ ፎር ጠላት የነበረ የአራቱንም ጉልበት አንድ ላይ የያዘ ቪለን ነው፣ እዚህ ላይ ግን ልጁ ያለባት ፕላኔት ልትጠፋ ስለሆነ እሱን ለማዳን ነው ሚሮጠው፣ አንድም ጊዜ አዝኜለት ማላውቀውን ሰውዬ ነው እዛ ላይ የወደድኩት።

ጽጌ_ጎተም፦

እኔም አናይሌሽንን አላነበብኩትም፣ ሳሮን ስትጀምሪ ጻፊልኝ አብረን እናንብበው፣ ፕሮሎጉን ዛሬ ማታ እጨርሳለሁ።

ሳሮን_ታነባለች፦

ደስ ይለኛል ጽጌ! ፕሮሎጉን ዛሬ፣ ኖቫን ቅዳሜና እሁድ፣ ከዛ ስለ ሱፐር ስክረል ለብቻው ሌላ ጥያቄ እከፍታለሁ። ኪሩ ዱምን አልረሳሁትም፣ ከዚህ ቀጥሎ የ2015ቱ ሲክሬት ዋርስ ነው፣ ያቺን ስፖይለር ግን ሳልዘል አነበብኳት።

ኪሩ_ላትቬሪያ፦

ምንም አይደል፣ አውቀሽው ብታነቢውም ያው ነው ሚነካሽ። የሪቢችን ሥዕል ለማየት ብቻ ትልቅ ስክሪን ላይ ክፈቺው፣ በስልክ እንዳታነቢው አደራ።